ከሁለቱ ሃርድ ዲስክ ትንሹን ላኪልኝ

ይድረስ ለእህቴ ለፍሬ፤

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት ያሳፈረኝን አንድ ነገር ላውጣውና ይቅለለኝ። ኮምፒውተሩ ተጎተተብኝ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ነው መሰለኝ ብዬ የጻፍኩልሽ ጊዜ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም ነበር፤ በራሴ ዘዴ ላቀልለው ሞክሬያለሁ። ዘዴዬ ምን መሰለሽ? የሰዉን ጽሑፍ ሁሉ ፊደሉን አሳነስኩት። ከአሥራ ሁለት ወደ ዘጠኝ! ትንሽ ፊደል ትንሽ ቦታ ይይዛል ብዬ እኮ ነው። በታይፕ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ቦታ ሲባል ወረቀት ብቻ ነው የሚታየኝ። ሳምንት ሙሉ ፊደል ሳቀጥን ሰንብቼ፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የተማሪውን ወረቀት መለሰና ጠርዙ ላይ በቀይ «ከመነጽር ጋር ይቅረብ» ብሎ ጻፈበት። ሬዲዮ ጠጋኙ አሚን ይህን ሲሰማ ከበርጩማው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ፊቴን የማስገባበት ጠፋኝ።

አሁን ሰላምታ ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ወለም ያለሽ እግርሽ ዳነ? ሙቀቱስ? ዱባይ ግንቦት ከገባ ሰው በቀን ከቤት አይወጣም ብላ ልብስ ነጋዴዋ ሀዲጃ አስፈራርታናለች። ማዳም ዓርብ ዓርብን አሁንም ትለቅሻለች ወይስ እንግዳ መጣ እያለች ታስቀርሻለች? ክፍል የምትጋራሽ እሌኒስ ደህና ናት? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። እማዬም አለች። እኔም አለሁ፤ ግን ፍሬዬ፣ ደክሞኛል። ይህን በስልክ አልልሽም፤ በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነን» ተባብለን ሳንጨርስ መስመሩ ይቆረጣል። የዛሬው ጉዳይ ደግሞ ቁጥር የበዛበት ነው፤ ባለፈው «ስንት አልሽ? ሰባት ነው አምስት?» እየተባባልን እንደ ተደናቆርነው እንዳይሆን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ሀዲጃ ማክሰኞ ትነሳለች፤ ይህን ደብዳቤ እጅሽ ላይ ታደርስልኛለች፣ ስትመለስም ዕቃውን ይዛልኝ ትመጣለች። ከዚህ በኋላ እስከ አዲስ ዓመት ንቅንቅ አልልም ብላ ምላለችና፣ ከተሳሳትን የምናርምበት ሌላ መንገድ የለንም። ስለዚህ እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

እዚህ መብራት በፈረቃ ሆኗል። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ በሚመጣበትም ቀን እንደ ቸኮለ እንግዳ ነው፣ መቼ ብድግ እንደሚል አይታወቅም። ባለበት ሰዓት ሁሉ መጻፍ አለብኝ። ኮምፒውተሩ ግን ከኔም ብሶ ደክሞታል። ጧት አስነሳውና ሱቁን እጠርጋለሁ፣ ደጃፉ ላይ የተከመረውን ቀይ ጭቃ በአካፋ እገፋለሁ፣ ፓስቲ ገዝቼ እመለሳለሁ፤ እሱ ገና ያቺን ሰማያዊ መስመር ወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። አንድ ምዕራፍ ጽፌ አስቀምጥ ስለው ደግሞ ውስጡ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይልና ደርቆ ይቀራል። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቀዋለሁ። በዚህ መሃል መብራቱ ድርግም! እንደገና ከሀ።

ሙሐሲንን ታስታውሺዋለሽ፣ ከፊት ለፊታችን ጫማ የሚሸጠውን። ጫማውን ትቶ ኮምፒውተር አስገባ። የመስታወት በር፣ ሦስት አዳዲስ ማሽን፣ ጣቷ የማይታይ ቀልጣፋ ጸሐፊ። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ፤ ሻይ ሲያዝዝ ለኔም ይልካል። ባለፈው ሐሙስ ግን መጥቶ በሬ ላይ ተደገፈና፣ «ድንቄ፣ ይህን ሽማግሌ ጡረታ አውጪውና እኔ ጋ ግቢ። መቀመጫሽን መስኮቱ አጠገብ አደርግልሻለሁ» አለኝ። ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን አሰብኩበት፤ እንዳልዋሽሽ፣ መስኮቱን ተመኘሁት። አሥራ ስምንት ዓመት ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ ወገቤ የኔ አይመስለኝም። ከዚያ ያ ማሽን እንዴት እንደ መጣ ትዝ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለራስሽ አንዲት ቀሚስ ሳትገዢ። ሰሌዳው ላይ «ፍሬ የኮምፒውተር ጽሕፈት» ይላል። ያንን ስም በገዛ እጄ አውርጄ እንዴት ብዬ መንገድ እሻገራለሁ?

ደንበኞቼ አንድ በአንድ ተሻግረዋል፣ አልፈርድባቸውም። የቀረችኝ ሀሌሉያ የምትባል የጨለለቅቱ ልጅ ናት፣ ዘንድሮ ተመራቂ። ስለ እንሰትና ቡና አብሮ መብቀል ነው የምትጽፈው፤ የአያቷን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ለክታ አምጥታዋለች። ሰኔ ሃያ ካላስረከበች ምርቃቷ ለከርሞ ነው። «ሙሐሲን ጋ ሂጂ፣ ቶሎ ይጨርስልሻል» አልኳት፣ ከልቤ። «እትዬ፣ እዚያ ያለችው ጽሑፌን አይታ ይሄ የዶሮ ጭረት ነው አለችኝ። አንቺ ነሽ የምታነቢው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጽሑፏን የምናነብ እሷና እኔ ብቻ ነን። በየቀኑ ብቅ ትልና ከበሩ ላይ፣ «ኮምፒውተሩ ዛሬስ ተሽሎታል?» ብላ ትጠይቀኛለች፣ እንደ ሕመምተኛ። እስካሁን የጻፍኩላትን አሚን ፍላሽ ላይ ገልብጦልኝ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። በልቤ የቆረጥኩት ነገር ይህ ነው፦ የዚህች ልጅ ወረቀት በጊዜው ከኔ ማሽን ከወጣ ሱቁ ይቀጥላል፤ ካልወጣ ሰሌዳውን አወርዳለሁ።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። ባለፈው በሀዲጃ የላክሽልኝን ወረቀት፣ ዱባይ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ከሁለቱ የዲስክ ሳጥን ላይ የገለበጥሽውን፣ አሚን ፊት ዘረጋሁት። (እንግሊዝኛውን እንዴት አሳምረሽ ጽፈሽዋል!) አንደኛው አምስት መቶ ጊጋ ይላል፣ ሁለተኛው መቶ ስልሳ። እኔ አምስት መቶውን ሳይ «ይኸው!» አልኩ። አንቺንም «ትልቁን ላኪ» ብዬሽ የለ? አሚን ገልመጥ አደረገኝና፣ «እትዬ ድንቄ፣ አሁን ያለው አርባ ጊጋ ነው። ስንቱ የተያዘ ይመስልሻል?» አለ። ከፍቶ አሳየኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የምርቃት ጽሑፍ ተጠራቅሞበት ግማሹ እንኳ አልሞላም! ፊደል ሳቀጥን የሰነበትኩት ለዚህ ነው እንግዲህ።

«ወናጎ ያለ የቡና መጋዘን አስቢ» አለኝ። «ጆንያ አምጣ ሲባል ጠባቂው እየተንፏቀቀ የሚሄድ ከሆነ፣ መጋዘኑን አሥር እጥፍ ብታሰፊው ምን ይረባሻል? አንቺን የቸገረሽ የጠባቂው እግር ነው።» እግሩ ደግሞ በሌላ ቁጥር ይታያል። ዲስኩ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሳህን አለ፤ የጻፍነው ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው፣ ይሽከረከራል። አንቺ የጻፍሽው ትልቁ በደቂቃ አምስት ሺህ አራት መቶ ጊዜ ይዞራል፣ ትንሹ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። የኛ አሮጌውም አምስት ሺህ አራት መቶ ነው። ሳህኑ በፈጠነ ቁጥር የተፈለገው ነገር ቶሎ ይደርሳል። ትልቁን ብናመጣ ሰፊ ቤት ውስጥ ያው ተንፏቃቂ ጠባቂ እናስቀምጣለን ማለት ነው። ደግሞ «ካሽ» ብለሽ የጻፍሽው አለ፤ ትልቁ አሥራ ስድስት ሜጋ፣ ትንሹ ስምንት። እዚህ ላይ ትልቁ ይበልጣልና ልቤ እንደገና ወደሱ ሄደ። እሱ ምን መሰለሽ፣ ጠባቂው ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን በር ላይ የሚያስቀምጥበት ጠረጴዛ ነው አሉ። «ጠረጴዛው ቢሰፋ አይጠላም» አለ አሚን፣ «ላንቺ ሥራ ግን ከጠረጴዛው እግሩ ይብሳል።»

አሁን አንቺ ያልገለበጥሽው፣ እኔም ያልጠየቅሁሽ አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱን ባናስብ ኖሮ ጉዳችን ነበር። መሰኪያው ነው። ሁለቱም ዲስኮች በሁለት ዓይነት መሰኪያ ይመጣሉ። የኛ ማሽን የድሮው ስለሆነ የሚቀበለው ሰፊውን ብቻ ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ መርፌ የቀጠኑ እግሮች በሁለት ረድፍ ተሰድረውበታል፣ ገመዱም እንደ መቀነት ጠፍጣፋ ነው። አዲሱ ዓይነት ጠባብ መሰኪያ አለው፣ መርፌም የለውም፤ «ሳታ» ይሉታል። ሻጩ «ሳታ ይሻላል፣ ዘመናዊ ነው» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፣ ይሻላል፤ እኛ ቤት ግን መግቢያ የለውም። «አይዲኢ» በይው፣ ከዚያ አዙረሽ በዓይንሽ መርፌዎቹን እይ። በሳጥኑ አትመኚ፣ ዲስኩ ላይ የተለጠፈውን አንብቢ።

ይህን ሁሉ ጨርሰን «በቃ፣ ትንሹ ፈጣኑ ይሁን» ስንል፣ አሚን «አንድ ነገር ግን አለ» አለ። የሚፈጥነው ይበልጥ ይሞቃል። ሙቀቱ መውጫ ይኑረው አይኑረው ለማየት የማሽኑን ጎን ፈታና አሮጌውን ዲስክ ሲነካው እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው መንጭቆ አወጣ። ከዚያ ወደ ጀርባው ዞረ።

«እትዬ ድንቄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ዳንቴል ነዋ» አልኩት።

«እሱንማ አየሁት። እየሠራም ይለብሳል?»

በኛ ቤት ስልክ እንኳ ራቁቱን ተቀምጦ አያውቅም። ይህን ዳንቴል ታውቂዋለሽ። አንቺ የሄድሽ ሰሞን እማዬ ሌት ተቀን ስትሠራው የነበረው ነው፤ ከፊት ለፊት በአበባ መሃል «ፍሬ» የሚል ስምሽ አለበት፣ ከኋላ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይወርዳል። ዓይኗን ሞራ ሳይጋርደው የሠራችው የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው። በየቀኑ በትሯን ይዛ ትመጣና አግዳሚው ላይ ከመቀመጧ በፊት ጫፉን ትዳስሳለች። አሚን ማራገቢያውን አወጣና አሳየኝ፤ የክር ብናኝና አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተደርቶበታል። «ዲስክሽን ዕድሜ ብቻ አይደለም ያስረጀው፣ አፍነሽዋል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይስቅ። «ፈጣኑን አምጥተሽ እንዲህ ካለበስሽው ዓመት አይሞላውም። ወይ ዳንቴሉን ተይው፣ ወይ ቀርፋፋውን ውሰጂ፤ እሱ ትንሽ ይችለዋል።»

ይኸው ያ ሁሉ ቁጥር እማዬ እግር ሥር መጥቶ ወደቀ። ቀርፋፋውን ካመጣሁ የሀሌሉያ ወረቀት አይደርስም። ፈጣኑን ካመጣሁ እናቴን ምን ልበላት? «ያለበስሽለት ልብስ ነው የገደለው» ይባላል?

አልነገርኳትም። ዳንቴሉን አወለቅሁና ቤት ካለው ሳጥን ሥር ከተትሁት፤ ለሷ «ታጥቦ ነው» አልኳት። መጀመሪያ አመነችኝ። ማሽኑም ሲራቆት ኳኳታው ትንሽ ቀነሰ፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ አሳዘነኝ። በየቀኑ ትመጣለች፣ እጇ ባዶውን ፕላስቲክ ይነካል፣ «አልደረቀም?» ትላለች። «ዝናብ ነው እማዬ» እላለሁ። አሚንም ሲያልፍ ያግዘኛል፤ «እማማ ወርቂቱ፣ ዘንድሮ ዲላ ፀሐይ የሚባል ነገር ጠፋ እኮ!» ይላታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ዳንቴል ሳይደርቅ ቀረ። ሰው ከሥራ ብቻ አይደክምም ፍሬዬ፤ እናቱን እያየ ሲዋሽም ይደክማል።

ዛሬ እሑድ ነው፣ መብራት የሚመጣበት ቀን። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሀሌሉያን አራተኛ ምዕራፍ ልጀምር ወደ ሱቅ ሄድኩ፤ እማዬም ልምጣ አለችኝና መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ከነጠላዋ ሥር ዳንቴሉን አወጣችው። «ደርቋል» አለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሙቀቱን፣ ማራገቢያውን፣ አሚን ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። «ያ አሚን መዋሸት አያውቅበትም፣ ፀሐይ ጠፋ ሲለኝ ጉሮሮው ደርቆ ነበር» አለች። ከዚያ እጇን ያዝኩና ማሽኑ ጀርባ ላይ፣ ንፋሱ የሚወጣበት ላይ አደረግሁላት። ጣቶቿን እዚያ ላይ ዘርግታ ቆየች።

«ይተነፍሳል እንዴ?»

«አዎ እማዬ።»

«ታዲያ አንቺ ልጅ፣ በሚተነፍስበት በኩል ሸፍነሽ ታስተኚዋለሽ? እኔ አላይ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

ይኸው፣ ስድቡ ለኔ ተረፈ! ዳንቴሉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ዳር ዳሩን በጣቷ እየዳሰሰች የክሩን ጫፍ ፈለገች፤ ስታገኘው ሳበችው። በኋላ በኩል የሚወርደውን ረድፍ በረድፍ መፍታት ጀመረች። «ተይው እማዬ፣ ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን» ብላት፣ «የሠራሁትን ብፈታው ማን ሊከሰኝ ነው? ሥራሽን ሥሪ፣ መብራቱ ይሄድብሻል» አለችኝ። እኔ እየጻፍኩ እሷ ስትፈታ እኩለ ቀን ሆነ። ስምሽ ያለበትን ፊቱን አልነካችውም። ስትጨርስ ራሷ አለበሰችው፤ ጀርባው እስከ ላይ ድረስ ክፍት ነው። የፈታችውን ክር ጠቅልላ ሎሚ የሚያህል ኳስ አደረገችውና ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው። ከዚያ፣ «ለፍሬ እንዳትነግሪያት። ስሜን ፈታችው ብላ ትከፋለች» አለችኝ። «አልነግራትም» አልኳት። ይኸው ደብዳቤው ሳይደርቅ እነግርሻለሁ። ስትደውይ እንዳላወቅሽ ሁኚ፣ እባክሽ፤ ከዳንቴሉ ጋር በተያያዘ አንድ ውሸት በቅቶኛል።

እንግዲህ ትንሹን ላኪልኝ ፍሬዬ፤ መቶ ስልሳ ጊጋ፣ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ፣ ባለ መርፌውን። ያ ሻጭ እንደምንም ትልቁን ሊያሸክምሽ ቢሞክር «እህቴ የቸገራት ፍጥነት ነው» በይው። ዲስኩ የታሸገበት ብርማ ከረጢት ያልተከፈተ ይሁን፤ ሰው የተጠቀመበትን እንዳይሰጥሽ። ለሀዲጃ በፎጣ ጠቅልለሽ ስጫት፣ በእጇ ትያዘው፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትወረውረው። እሷ ሻንጣ ሲመዘን ከሰው ሁሉ ጋር ስትጣላ ዕቃ ትረሳለች፤ ደጋግመሽ ንገሪያት። ለአንቺ ትንሽ ቡላ ልኬልሻለሁ፣ የእማዬ እጅ ያለበት ነው፤ ለእሌኒም አካፍያት።

እማዬ ሁለቱን ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ እግርሽን በሞቀ ውሃ እሺው ብላለች። አሚን «የጻፈችው ወረቀት ጥገና ከማስተምራቸው ልጆች ይበልጣል» ብሎ ሰላም ይልሻል። ሀሌሉያ ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች፣ ሰሌዳው ላይ ያለችው ፍሬ አንቺ መሆንሽን ስነግራት፣ እሷስ የቡና ፍሬ መስሏት ኖሯል። ሙሐሲን እንኳ ሰላም በይልኝ ብሏል፤ መስኮቱ ግን አሁንም ባዶ መሆኑን አስታውሶኛል። ለእሌኒ፣ ለማዳም ልጆችም ሳይቀር ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ዲስኩ ገብቶ በመጀመሪያው ጧት ማሽኑን አስነስቼ ጭቃውን መግፋት እጀምራለሁ። አካፋዬን ሳላስቀምጥ ተነስቶ ከጠበቀኝ፣ የእማዬ እጅም ጀርባው ላይ አርፎ ካልተቃጠለ፣ ሰኔ ሃያም ሀሌሉያ ወረቀቷን ታቅፋ ከበሬ ስትወጣ ካየኋት፣ ያንኑ ቀን እጽፍልሻለሁ። ሰሌዳውን ካወረድኩትም እጽፍልሻለሁ፤ ከሌላ ሰው አትሰሚውም።

ደክሟት የምትወድሽ እህትሽ፣
ድንቅነሽ

ዲላ፣ ግንቦት 17 ቀን 2000 ዓ.ም.